ፆመው ይምጡ

አቶ ደበሌ ኩማ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ዓለሙ፣ አቶ ጠሀ ሸምሱ። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ሀዋሳ ገና በ«አ» በምትጻፍበት ዘመን ግን የሰው ደም የሚመረመርበትን ቤት ሥርዐት ያቆሙት እነርሱ ነበሩ። አቶ ደበሌ የተቀዳበት ሰዓት ያልተጻፈበትን ደም፣ የላከው ማንም ይሁን ማን፣ ይደፉት ነበር። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጠረጴዛቸውን በቀን አራት ጊዜ በአልኮል ያብሳሉ፤ ነጭ ጋውናቸው ላይ የቀለም ነጥብ እንኳ ያየ ሰው የለም። አቶ ጠሀ ደግሞ አንድን ውጤት ሁለት ጊዜ ሠርተው ካልተስማማላቸው ሦስተኛ ይሠራሉ እንጂ መካከሉን ገምተው አይጽፉም፤ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ቢያጉረመርም «ደሙ እስኪናገር ይታገሡ» ብለው ይመልሱታል።

አቶ ዋሲሁን በእነዚህ ሦስት ሰዎች እጅ ሠለጠኑ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው፣ በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የተከፈተ አንድ የጥናት ላቦራቶሪ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ካራቫታቸውን አጥብቀው ከባጃጅ ይወርዱና በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ይኮሳተራል። የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ከትናንት ወዲያ የፈሰሰ ደም እንደ ቅርፊት ደርቆ ተጋግሯል። ያገለገለ ጓንት ከሻይ ብርጭቆ አጠገብ ተንጋሏል። አንዱ ማስቲካውን ከማይክሮስኮፑ እግር ሥር ለጥፎበታል። አቶ ዋሲሁን መሐረባቸውን ያወጡና አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያም ማንንም ሳያናግሩ ገንዳውን ራሳቸው ያጥባሉ። ማጠባቸው ለትምህርት እንዲሆን ነበር፤ የተማረ ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት ላቦራቶሪው የተጠመደበት ሥራ የኢንሱሊን ጥናት ነው። ኢንሱሊን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመርፌ የሚሰጠውን መድኃኒት ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ግን ቆሽቱ ራሱ ያመነጨዋል። እህል ሆድ ገብቶ ስኳሩ ወደ ደም ሲሻገር ቆሽት ይህን ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። ሰው ሳይበላ ሲያድር ሆርሞኑ ዝቅ ይላል። ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ አድሮ ጠዋት ሆርሞኑ ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው ካለ፣ ሰውነቱ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱን ያሳያል፤ የስኳር በሽታ ደጁ ደርሷል ተብሎ ይሠጋለታል።

የጥናቱ መሪ ዶክተር ኤርሚያስ ይባላል፤ ከውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ደኅና ነን ከሚሉ የምሥራቅና የመናኸሪያ ክፍለ ከተሞች ነዋሪዎች መካከል ሰማንያ ሰው መርጦ፣ በመስከረምና በጥቅምት ጠዋት ጠዋት ደማቸውን አስቀድቶ አስመረመረ። ማክሰኞ ዕለት ውጤቱን ይዞ ወደ አቶ ዋሲሁን ክፍል ገባ።

«ፋዘር፣ እዚህች ጋ ፈርሙልኝ።»

«እኔ አንተን አልወለድሁም።»

«እሺ፣ ጋሼ። ይፈርሙልኝ።»

አቶ ዋሲሁን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከሰማንያው ሠላሳ ሦስቱ ኢንሱሊናቸው ከፍ ብሏል ይላል።

«ሠላሳ ሦስት?»

«ሠላሳ ሦስት! ከመቶ አርባ አንድ! እንዲህ ያለ ቁጥር ማንም አላገኘም።»

«ማንም ያላገኘውን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው።»

«መሣሪያው አዲስ፣ ኪቱ አዲስ። እዚህ ቤት ያረጀው ምን እንደሆነ ልንገርዎት?»

ከመስኮቱ አጠገብ ቲዩብ የምትደረድረው ሮዳስ፣ ደም የምትቀዳው ልጅ፣ ሳቋን ለመዋጥ አጎነበሰች። አቶ ዋሲሁን ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ ኤርሚያስ ፊቱ በራ፤ እርሳቸው ግን ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው መልሰው ከተቱት።

«ዓርብ ዕለት ለኃላፊዎቹ አቀርባለሁ» አለ ኤርሚያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሠላሳ ሦስቱም ክኒን ይጀመርላቸዋል። ለአንዳንዶቹ በስልክ ነግሬአቸዋለሁ። ሰው ልርዳ ባልሁ ለምን ያደናቅፉኛል?»

«ያልታመመን ሰው ታመሃል ማለት ርዳታ ከሆነ፣ አዎን፣ አደናቅፍሃለሁ። ስሜ ሐሰት ላይ አይቀመጥም።»

«እስከ ሐሙስ ቀትር ያስቡበት።»

ኤርሚያስ እንደ ወጣ አቶ ዋሲሁን ወደ ፍሪዘሩ ሄዱ። ስሕተት ካለ ከዚያ ይጀምራል ብለው አምነዋል። ክዳኑን ሲያነሡ ቲዩቦቹ በረዶ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ከቲዩቦቹ ሥር ደግሞ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አለ። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አወጡትና ፈቱት። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የመጣ፣ ቆዳው የተገፈፈ አሣ ነው። የቀዘቀዘው የአሣ ጠረን ከደም ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ጫኑ።

«ሮዳስ!»

«የኔ አይደለም ጋሼ! በእናቴ!»

«የማን ነው?»

«የዶክተር ነው። የቤቱ ፍሪጅ ተበላሽቶበት... ቅዳሜ እንግዳ አለበት መሰለኝ።»

«የሰማንያ ሰው ደም የእንግዳ እራት ይጠብቃል ማለት ነው።»

«ግን እኮ በፌስታል ነው፣ ጋሼ። አይነካካም።»

አቶ ዋሲሁን ፌስታሉን እንደ ተንጠለጠለ ይዘው ኮሪደሩን ተሻገሩና የዶክተሩ ወንበር ላይ፣ በትክክል መቀመጫው መካከል፣ አሳረፉት። ሮዳስ በስተኋላቸው «ወይኔ ጉዴ!» ስትል ተሰማቸው። ተመልሰው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሦስት ጊዜ ታጠቡ።

ከዚያ ሥራቸውን ያዙ። ከፍ ካለባቸው ውስጥ ስምንት፣ ዝቅ ካለባቸው ውስጥ አራት ቲዩብ መርጠው አቀለጡ። ሴረሙን፣ ከደሙ ላይ የሚጠልለውን ውሃ፣ እያንዳንዱን በብርሃን አዩት፤ ቀለሙ እንደ ገለባ የጠራ ነው፤ ቅላት የለበትም። ቅላት ቢኖረው ደሙ ሲቀዳ ተሰባብሯል ማለት ነበር፤ ያም ቢሆን ኢንሱሊኑን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። የሮዳስ እጅ ንጹሕ ነበር። ረቡዕ ማለዳ መጠናቸው አስቀድሞ ከሚታወቅ ናሙናዎች ጋር እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሠሩት። ከፍ ያለው ከፍ እንዳለ፣ ዝቅ ያለውም ዝቅ እንዳለ ወጣ። አሣው ምንም አላበላሸም። መሣሪያው እውነቱን ነው።

ይህ አቶ ዋሲሁንን ደስ ሊያሰኛቸው ይገባ ነበር፤ አላሰኛቸውም። የተመኙት ቆሻሻ እጅ፣ የተዝረከረከ ፍሪዘር፣ ጣት የሚቀሰርበት እድፍ ነበር። ቁጥሩ ግን ፊታቸው ቆሞ ትክክል ነኝ ይላል፤ ቢሆንም ከአሥር ጤነኛ አራቱ እንዲህ ሊሆን አይችልም ብለው በልባቸው ተሟገቱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት እየተባለ ተቧድኖ ነበር፤ የእነርሱ ቡድን ጠርናፊ ኤርሚያስ ራሱ ነው። የአሣው ጉዳይ አልተነሣም። የንብረት ክፍሉ ሙክታር፣ ዐይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ፣ የተሰጠውን አነበበ።

«ጋሼ ዋሲሁን ለውጡን በሙሉ ልብ አልተቀበሉም። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ይታይባቸዋል።»

«ሙክታር፣ እኔ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው» አሉ አቶ ዋሲሁን። «ምኑን አከራይቼ ምኑን ሰበሰብሁ?»

ሙክታር ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኤርሚያስ ግን አልሳቀም። እስከ ሐሙስ ቀትር ካልፈረሙ ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ ሐሳብ አቀርባለሁ፣ ውጤቱንም በጠርናፊነቴ እኔው ፈርሜ እልካለሁ አለ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። እንግዲህ አልፈርምም ማለት ብቻውን ማንንም አያድንም። ስሕተቱ ካልተገኘ ሠላሳ ሦስቱ ሰዎች ክኒናቸውን ይውጣሉ።

ከግምገማው በኋላ አቶ ዋሲሁን የተመዝጋቢዎቹን መዝገብ ዘርግተው ተቀመጡ። ስሞቹን ከቀኖቹ ጋር እያስተያዩ ሲወርዱ አንድ ነገር ገረማቸው።

«ሮዳስ፣ ማክሰኞ ዕለት በሁለት ወር ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ነው እንዴ የመጣው?»

«ማክሰኞማ ቀዝቃዛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን በር ይሰበራል፣ ጋሼ። ሌላ ቀን ስንቀጥራቸው እንኳ ራሳቸው ደውለው ይቀይሩታል። ሰኞና ሐሙስ ደግሞ የመናኸሪያ ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ እነ ሱሌይማን፣ እነ ፈትያ።»

«ሰኞና ሐሙስ?»

«አዎ። ለዶክተር ነግሬው ነበር። በገበያ ምክንያት ነው አለኝ።»

«ሰኞና ሐሙስ የሀዋሳ ገበያ ነው፣ ልጄ። የትኛው ነጋዴ ነው በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ደም የሚሰጥ?»

አቶ ዋሲሁን ጣታቸው መዝገቡ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ረቡዕና ዓርብ። ሰኞና ሐሙስ። ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ዋናው በር ሄዱ። በሩ ላይ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ለተሳታፊዎች የወጣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኤርሚያስ ከእንግሊዝኛው ቅጽ የተረጎመው ነው። ድሮ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሚሰጠው ወረቀት «ከማታ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ በባዶ ሆድዎ» እያለ ዝርዝር አድርጎ ያስረዳ ነበር። ኤርሚያስ ረዥም ነው፣ አሠራር ይጠር ብሎ አስቀርቶታል። በምትኩ የጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «ፆመው ይምጡ»።

አቶ ዋሲሁን በዚህ ወረቀት ሥር ሁለት ወር ሙሉ አልፈዋል። የመጀመሪያው ቀን አይተውታል፤ «ጾም» በጸሎቱ «ጸ» መጻፉ ቀርቶ በፀሐዩ «ፀ» ተጽፎ ሲያዩ ተጸይፈው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብለው አላዩትም። ፊደሉን ነቅፈው ነገሩን ሳያነቡ ቀሩ። አሁን ያን ወረቀት ሲመለከቱ፣ ፍሪዘሩ ጋ እንዳደረጉት፣ እጃቸው መሐረብ ፍለጋ ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን መሐረብ የሚጋርደው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኤርሚያስ በስልክ ስኳር ሊጀምርዎት ነውና ክኒን ይውሰዱ ብሎ ከጠራቸው አንዷ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን አላርፍ ብሎ የቦርሳቸውን ማንገቻ ያፍተለትላል።

«እኅቴን እግሯን ያስቆረጣት ይኸው ስኳር ነው» አሉ አቶ ዋሲሁንን ሲያዩ። «ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማልተርፍ ከሆነ እቅጩን ይንገሩኝ።»

አቶ ዋሲሁን አጠገባቸው ተቀመጡ። ኤርሚያስ ክኒኑን ይዞ ከክፍሉ ወጣና በሩ ላይ ቆመ፤ የውጤቱን ቅጽም በሌላ እጁ ይዟል።

«ደም የሰጡት ምን ቀን ነበር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ?»

«ዓርብ ዕለት። ይቺ ልጅ ሰኞ ይምጡ ብላኝ ነበር፤ ሰኞ ምን ጾም አለና ብዬ ዓርብ አስደረግሁት። ጾመሽ ነይ ተብዬ የለ?»

«ይኸው፣ ጾመዋል» አለ ኤርሚያስ። «መዝገቡም ላይ አለ።»

«ጠይቄአቸዋለሁ» አለች ሮዳስ። «‹ጾመዋል?› አልሁ፤ ‹አዎ› አሉኝ።»

አቶ ዋሲሁን ወደ ኤርሚያስ አልዞሩም። «ያን ቀን ጠዋት ምን ቀመሱ?»

«ምንም! ሻይ በዳቦ ብቻ።»

ኤርሚያስ ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«ዳቦ በሉ? ጾሜያለሁ ብለው አልነበር እንዴ?»

«ቅቤ ቀባሁበት አልሁህ?» ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀና አሉ፤ ድምፃቸው ድንገት የክፍል ድምፅ ሆነ። «ወተት ጨመርሁበት አልሁ? የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ የነፍስ አባቴ ከጠዋት እንድቀምስ ፈቅደውልኛል። አንተ ማነህና ታፈጥብኛለህ?»

«አይ፣ እኔ... ሻዩ ስኳር ነበረው?»

«ስኳር ደግሞ የፍስክ ሆነ?»

ሮዳስ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ዋሲሁን ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«በስንት ሰዓት ነው የበሉት?»

«ኪዳኑን ደጅ ሆኜ አድርሼ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ከዚያ በባጃጅ ቀጥታ ወደዚህ።»

«ደሙ የተቀዳው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው» አሉ አቶ ዋሲሁን። «ያኔ ኢንሱሊናቸው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ነበር የሚያሠጋው።»

ኤርሚያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ አንድ ሰው ነው። በአንድ ሰው ጥናት አይወድቅም።»

«ሮዳስ፣ ሱሌይማን ጋ ደውይ። ድምፁን ክፈቺው።»

ሱሌይማን መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የሚነግድ ሰው ነው፤ ስሙ ከሠላሳ ሦስቱ ውስጥ አለ። ከጀርባው የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት እየተሰማ ድምፁ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ሱሌይማን። ዋሲሁን ነኝ፣ ከላቦራቶሪው። ደም የሰጡ ዕለት ጾመው ነበር?»

«ወላሂ ጾሜ ነው የመጣሁት! ሐሙስ አልነበር? ገበያዬን ጥዬ!»

«ሱሑር በልተው ነበር?»

«ሱሑር ሳይበሉማ ምኑን ይጾማል? አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገንፎ በማር፣ ቴምርም ነበረ። ከዚያ ወዲያ ምራቄን እንኳ አልዋጥሁም ማለት ይቻላል። አንድ ሰዓት ላይ እናንተ ጋ ነበርሁ።»

«ከበሉ ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይተው ማለት ነው።»

«እኔ ግን ቅር ያለኝ ሌላ ነው፣ ጋሼ! ጾመህ ና ብላችሁ ጠርታችሁ፣ ደሜን ወስዳችሁ ስታበቁ፣ ያቺ ልጅ ብስኩትና ጁስ ይዛ መጣችብኝ! ጾሜን ልታስፈቱኝ? ሳልሰናበታት ወጣሁ።»

«እኔ እኮ ኩራተኛ መስሎኝ!» አለች ሮዳስ።

«ሰማሁሽ!» አለ ሱሌይማን፤ መስመሩም በሳቁ መካከል ተቋረጠ።

የሳቀለት ግን አልነበረም። ኤርሚያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ክኒኑን የያዘበት እጁ ወርዷል።

«እኔ ያልሁት...» አለ፤ ቃሉን እንደ አዲስ የሚፈልገው ይመስል ነበር። «ጾም ማለት ባዶ ሆድ ማለት ነው።»

«የማን ጾም?» አሉ አቶ ዋሲሁን።

አቶ ዋሲሁን ተነሥተው ከበሩ ላይ ወረቀቱን ላጡት፤ እያዩት የላይኛው ከንፈራቸው ተሸበሸበ።

«እኒህ ሴት የጠየቅሃቸውን ፈጽመዋል። ሱሌይማንም ገበያውን ጥሎ ፈጽሟል። ማክሰኞ የመጡት አምስት ሰዎች ብቻ፣ የጾም ቀን ስላልሆነ፣ ቃሉን ባዶ ሆድ ብለው ተረድተው መጡ፤ አንዳቸውም ከሠላሳ ሦስቱ ውስጥ የሉም። እኔ ራሴ...» እዚህ ላይ ካራቫታቸውን ነካ አድርገው ቀጠሉ። «እኔ ራሴ ሁለት ወር በዚህ ወረቀት ሥር አለፍሁ። በፀሐዩ ‹ፀ› ስለ ጻፍኸው ንቄው አላነበብሁትም። ይህ የእኔ ነውር ነው፤ በቃለ ጉባኤህ አስገባው። የቀረው ግን የአንተ ነው።»

ኤርሚያስ ወረቀቱን ተቀብሎ ተመለከተው። ቅዳሜ የሚመጡትን እንግዶች፣ ዓርብ የሚቀመጡትን ኃላፊዎች፣ ከመቶ አርባ አንድ የሚለውን ቁጥር ማሰቡ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ማንገቻውን አጥብቀው ያዙ።

«እንግዲህ እኔ ታምሜያለሁ ወይስ አልታመምሁም?» አሉ።

ኤርሚያስ የውጤቱን ቅጽ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ሠላሳ ሦስት የሚለውን በብዕር ከዳር እስከ ዳር ሠረዘው። ክኒኑን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ከሴትየዋ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ቀርቶ ተማሪ መሰለ።

«እማማ፣ ደምዎ ምንም የሚያሠጋ ነገር አልተናገረም። ቁርስዎን በልተው መምጣትዎን ነው የተናገረው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣሁዎት በከንቱ ነው። ጋሼ ሲጠይቁኝ ሰደብኋቸው፤ ሮዳስ ቀኖቹን ስትነግረኝ አልሰማኋትም። ለሰማንያውም ሰው ደጃቸው ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»